አሥራ ሰባተኛው መስመር

«ሥራህ?» አለችኝ ኢርማ ላክሶ፣ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ።
«ፒያኖ እቃኛለሁ» አልኳት፤ «ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትምህርት ቤት፣
አንዳንዴም ለሽማግሌ ቤት፣ ለማይከፈት፣ ለማይመታ።»
«ቀጣሪህ ማነው?» «እኔው ነኝ፤ አለቃም፣ ምንዝርም፤
ሳረፍድ ራሴን የምገሥጽ፣ ስታመም የማልምርም።»

«ዕድሜህ?» «ሰባ ሦስት።»
መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ገፋች።
«ታዲያ የሜዲኬር አረቦን ከጡረታህ እየተቆረጠ
ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ ይሄ መስመር ለምን ባዶ ተቀመጠ?»
ጣቷ አሥራ ሰባተኛው ላይ ነው፤ ነጭ፣
ማንም ያልረገጠው የዱሉት በረዶ።

አላየሁትም። ገንዘቡንስ እጄ ላይ መቼ አየሁት?
ባንክ ሳይደርስ ነው፣ መንገድ ላይ ነው የሸረፉት፤
ያልጨበጠውን ብር ማን ደፍሮ «ከፈልኩ» ይላል?
አይጥ እንደ ቀመሰው ዳቦ ጎኑ ጎድሎ ይመጣል።

ኢርማ ሳቀች። «የቄሳርን ለቄሳር ብለህ፣ የራስህን መርቀህለት!
ራሱን ቀጥሮ የሚሠራ ሰው የጤና አረቦኑን
ከገቢው ላይ ይቀንሳል፤ የራሱን፣ የሚስቱን…»
«የሚስቱን» ላይ ስትደርስ ድምጿ ግማሽ እርከን ወረደ፤
ሌላ ሰው ባይሰማውም፣ ለኔ ጆሮ ተንጋደደ።

ሕጉ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤
ከዚያ ያለፈው ተቆልፏል፤ ቢያንኳኩ ማን ይሰማል?
አራቱ ዓመት ቀልጦ ቀረ።
የጫማ ሣጥኑን ገለበጥኩላት፣ የጡረታ ወረቀቱን ሁሉ።
አረቦኑ በደቃቅ ፊደል በተጻፈበት ጥግ
የሰማያዊ እርሳስ ክብ፤ ከጎኑም ያንቺ የግራ እጅ ጽሕፈት፣ ሶልቬግ፦
«ይሄን ሰው ጠይቅ።»
በያመቱ። አራት ክብ።
አራቱም የተቆለፉት።

ከተከፈቱት ሁለቱ ቀላል ነበሩ።
ሦስተኛው፣ ማክሰኞ የሚዘጋው፣ ያንቺ ነው፤
ከጥር እስከ መስከረም፣ ዘጠኝ ወር ብቻ የተቆጠርሽበት።
«ያን ዓመት የተጣራ ትርፍህ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች፤
«ተቀናሹ ከትርፍህ አይበልጥም፤ ሕጉ እንደሱ ነው» አለች።

የተጣራ?
ያን ዓመት የተጣራሽው አንቺ ነሽ፤ በእኩለ ሌሊት፣
አንዴ ለውሃ፣ አንዴ ለትራስ፣ አንዴም እንዲያው ስሜን ለመጥራት።
መቃኛዬ ከነቦርሳው በር ሥር ዝጎ ከረመ፤
የሉተራኖቹም ፒያኖ ፋሲካን ሳይቃኝ አዜመ።

«ዘጠኝ መቶ ዶላር» አልኳት። አረቦኑ አራት እጥፉ።
«እንግዲያው ዘጠኝ መቶውን ብቻ። የቀረውን ሌላ ቅጽ ላይ እንሞክራለን።»
አሰላች፣ ደግማ አሰላች፦ መቶ ስምንት ዶላር ይመለሳል።
ለዘጠኝ ወር ንቃት፤ ደሞዝ አይባል፣ ካሳ አይባል።
ያንቺን ግብር ላስታውቅ ብልስ፣ የትኛው ቅጽ ይበቃል?

ፊርማ ላይ ደረስን። በስሜ ትይዩ ያንቺ መስመር፣
አርባ አንድ ዓመት በየሚያዝያው ቀለምሽ የተሸረተበት።
«እዚህ ላይ» አለች ኢርማ ቀስ ብላ፣ «‹በሕይወት ያለ ባል› ብለህ ጻፍ።»
ጻፍኩ። ቃሉ ረዝሞብኝ ኅዳጉን አለፈ።
መንግሥት ጠይቆኝ አያውቅም ነበር
በሕይወት መኖሬን በጽሑፍ።

ፖስታውን ከድልድዩ ሥር ካለው ሣጥን ከተትኩት።
ሐይቁ ላይ በረዶው ተሰንጥቆ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ መርከብ እየገባ ነበር፤
ጡሩምባው ጮኸ። ከልማዴ አንገቴን ሰበር አድርጌ አዳመጥኩት፤
ዝቅ ብሏል፣ ሩብ እርከን ያህል።
ማንም አይቃኘውም።
ቆሜ እስኪያልቅ ሰማሁት።