ሁለት ኬ

በአይሱዙ ገመድ ተጎትታ መጣች፣
ከሽምብጥ ጋራዣችን፣ ከዋርካው ሥር ቆመች።
ኢምፓላ። የሃምሳ ስምንት ሥሪት።
ርዝመቷ እንደ ታንኳ፣ ዝገቷ እንደ ቀይ ጤፍ፣
ፓራፋንጎዋ ላይ፣ ከአቧራው፣ በልጅ ጣት «ይታጠብ» የሚል ጽሑፍ።

«ጣሪያዋ ነጭ ይሁን» አለች እማዋይሽ ቁልፉን ስትሰጠኝ፣
«ነጭ ነበር፤ አባቴ እንዳላማው ሲነዳት፣ ያ ነው ትዝ የሚለኝ።»
እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ትዝታ አልቀባም፣
ብርጭቆ ወረቀት ግን ውሃ ካጠጡት የሚደብቀው የለም።

ምንይችል ያፈሳል፣ እኔ አሻለሁ።
መጀመሪያ ክሬም ወጣ፤ የሰርግ ኪራይ ዘመኗ፣
የሪባን ሙጫ እንኳ አለ እስከ ዛሬ ከኮፈኗ።
ከሥሩ የወታደር አረንጓዴ፤ አንድ መኮንን ወስዷት
ሦስት ዓመት ነድቶ መለሳት አሉ፣ ባትሪዋን ነቅሎ።
ከዚያ ሥር ሰማያዊ፣ በችኮላ የተቀባ፣ ከላስቲኩ ጠርዝ ዘሎ፤
መኪና ሊደብቅ የፈለገ ሰው እጅ ይመስላል።

ኮፈኑን ስከፍት፣ ከሞተሩ ኋላ፣ ከዝገቱ መሃል
ጣት የምታህል ቆርቆሮ በሁለት ምስማር ተይዛ ኖራለች።
ፋብሪካው የመታት፣ የልደት ወረቀቷ፤
አንዱ ፊደል ስለ ገላዋ፣ ሁለተኛው ስለ አናቷ።
ኬ። ቀጥሎም ኬ።
«ሲ» ቢሆን ነጭ ነው፤ አለቃዬ ሲሞት የተወልኝ ደብተር ላይ አለ።
«ኬ» ሰማያዊም አረንጓዴም ያልሆነው ነው፣
ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ከደንገሉ ጥግ የሚተኛው ውሃ።
ታችም ኬ፣ ላይም ኬ፤ ነጭ ጣሪያ ያዘዘ የለም።
ለእማዋይሽ ደወልሁ።
«ቆርቆሮ ምን ያውቃል? ቆርቆሮ አባት የለውም!»

ጣሪያውን ለብቻዬ ያዝሁ፤ ምንይችልን ምሳ ላክሁት፤
ክሬሙን፣ አረንጓዴውን አልፌ ሰማያዊውን ገፈፍሁት።
ነጭ።
ወፍራም፤ የስፕሬይ እጅ ያልዳሰሰው፣
የብሩሽ ትልም ያለው፣ ያልተገራ በሬ እንዳረሰው።
የመኪና ቀለም እንኳ አይደለም፤ አውቀዋለሁ፣
ወደቡ ዳር ነው ያደግሁት፤ የጎርጎራውን ጀልባ ሲቀቡበት ስንቴ ቆሜ አይቻለሁ።
በነጩ ውስጥ አንዲት ጸጉር፣ ከብሩሹ የተነቀለች፣
ከጎኗም የሐይቅ ትንኝ፣ ክንፏን እንደዘረጋች የደረቀች።
ከነጩ ሥር ደግሞ ኬ። ቆርቆሮዋም አልዋሸችም።

«የአባትሽ ሥራ ምን ነበር?»
«የጀልባ ሞተር ጠጋኝ» አለች። «በሚያዝያ ሙቀት
ስምንት ሆነን ተጭነን፣ እኔ ከእናቴ ጭን ላይ፣
ጣሪያው አናቴን ሲያቃጥለኝ አለቅስ ነበር።
አንድ ቀን ስንነሳ ነጭ ሆኖ አደረ።»
ቀለሙን ከየት እንዳመጣው አልነገረችኝም፤
እኔም አልጠየቅሁም።

ታቹን ኬ ቀባሁ፤ ሦስት እጅ፣ ስስ አድርጌ።
ጣሪያው ላይ ስደርስ ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁ፣
ብሩሽ አነሳሁ።
«ጋሼ፣ አበዱ እንዴ?» አለ ምንይችል። እሱ ይስቃል፣ እኔ ቀጠልሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አምፖሉ ሲበራ፣
ትንኞቹ መጡ፣ ከሐይቁ በኩል፣ ሳይጠራቸው ማንም።
አንዷ ከእርጥቡ ነጭ መሃል አረፈች።
መርፌዬን ይዤ ጎንበስ አልሁ፣
አየኋት፤
መርፌውን ኮሌታዬ ላይ መልሼ ሰካሁ።