የዳቦ ዕቃ

ዳቦው ከወር ወር ሲከሳ፣ ዋጋው ከወር ወር ሲወፍር፣
ሁለት ፍሬ ለስድስት አፍ በቢላ ጫፍ ስሰፍር፣
"በቃ" አልኩኝ፤ "እዚሁ ቤቴ፣ በገዛ እጄ ልጋግር!"
የስፌት መኪናዬን ትቼ አደምን አስጠራሁት፤
ዐሥር ዓመት ዳቦ ቤት ሠርቷል፤ "ምን ያሻል?" ብዬ ጠየቅሁት።
እሱ ቆጠረ። እኔ ጻፍኩ በበሩ ጀርባ፣
ጨርቅ በማሰምርበት ሰማያዊ ጠመኔ፦

ወንፊት። ሚዛን። ገበቴ።
ቅርጽ። መዳመጫ። ምድጃ።
ሙቀት መለኪያ።
"አንዱ ከጎደለሽ" አለ፣ "ዳቦ ሳይሆን ጡብ ነው።"

ወንፊቱን ከዘምዘም ቤት ተዋስኩ፣ ጠርዙ የላላ፤
ገበቴው የአማቴ ነው፣ ስንጥቁ በሰም የተሞላ።
ሚዛን ከየት ይምጣ? ይመር ሱቅ አንድ ኪሎ አስመዝኜ
በውሃ ብርጭቆ ሰፈርኩት፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አጎንብሼ፦
ሰባት ከግማሽ።
መዳመጫው የአምቦ ጠርሙስ፤ ቅርጹ የወተት ዱቄት ጣሳ፤
ዙሪያውን በሜትር ለካሁት፣ የእጅ ሙያ መቼ ይረሳ፤
አርባ ስምንት ሳንቲ፦
ለኮፍያ የመጣ የሕፃን ራስ።

ምድጃውን ኑረዲን በየደው፣ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ።
የሞተር ዘይት ሽታው እስኪለቅ ሦስት ቀን ባዶውን ነደደ፤
ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሙሉ መኪና የሚታረድ መሰለው።

ሙቀት መለኪያ?
አደም እጅጌውን ሰበሰበ፤ ክንዱ ላይ አንድ ጠጉር የለም።
"እጅሽን ክተቺና ቁጠሪ" አለኝ፣
"ስምንት ድረስ ከቻልሽ ቀዝቅዟል፤
ሦስት ላይ ካወጣሽ ያራል፤
አምስት ከሆነ ዳቦ ነው።"

ሁሉ ነገር ተሟላና ሊጡ እምቢ አለ።
ሐምሌ ነው። ጦሳ ጉሙን ጣሪያችን ላይ አራግፎ፣
ደሴ ከነልብሷ ተኝታ፣ ግድግዳው ላብ አሳልፎ፤
በጋቢ ጠቀለልኩት፣ በብርድ ልብስ፣ በባሌ ካፖርት፣
ትኩሳት እንዳለበት ልጅ እየገለጥኩ አየሁት፦
ኩፍ ማለቱን ትቶ
ኩርፍ ብሏል።
ጋገርኩት። አደም አልዋሸም።
የመጀመሪያው ጡብ ዛሬም በሩን ደግፎ ይዟል፤
በሁለተኛው ላይ ልጄ ቆማ ስኳር ትሰርቃለች።

ሦስተኛውን እንዳቦካሁ እህቴ ደወለች ከኮምቦልቻ፤
"መሪማ ነኝ፣ ምጥ ይዞኛል፣ ነይ!" አለች፤ ይኸን ብቻ።
ሊጡን ለማን ጥዬ ልሂድ?
ድስት ውስጥ ገለበጥኩት፤ ክዳኑን በጥለት ቁራጭ አሰርኩ፤
"ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ሲል ሮጬ ደረስኩ።

ሐረጎን ስንጠማዘዝ ጉሙ ከመስኮቱ ተላቀቀ፤
ጆሮዬ ጢው አለ። ሹራቤን አወለቅሁ።
ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ የአንገታቸውን ፎጣ ፈቱ።
ያኔ ነው ክዳኑ ብቅ ያለው፣
ቀስ ብሎ፣ እንደሚጠራጠር ሰው ቅንድብ።
"ምንድን ነው የያዝሽው?"
"ሊጥ ነው አባባ።"
"ሕይወት አለው?"
መዳፌን ጫንኩበት፤ መዳፌን ገፋው።
እሳቸውም መዳፋቸውን ጨመሩ፤ ከኋላ አንዲት ተማሪም።
በመጨረሻው ኩርባ አራት እጅ ነበር ክዳኑ ላይ፤
ረዳቱ "ይኼ ትርፍ ሰው ነው፣ ሒሳብ!" ይላል፤
የጥለቱ ቋጠሮ ተፈታ፣
ሊጡ ኮምቦልቻን አየ።

መሪማ ወንድ ልጅ ወለደች። የእሷን ከሰል አቀጣጠልኩ፤
ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት፤ እጄን ከትቼ ቆጠርኩ፦
አምስት።

ከሦስት ቀን በኋላ ዳገቱን ስወጣ ግማሹ ጭኔ ላይ ነበር፤
ረዳቱ ያው ልጅ ነው፤ ድርሻውን ቆርሼ ሰጠሁት።
ቤት ገባሁ። ጠመኔውን ፈለግሁ።
ከዝርዝሩ ሥር፣ ከሙቀት መለኪያ ዝቅ ብሎ ጻፍኩ፦
ቁልቁለት፣ አንድ።

አደም መጥቶ አነበበው። ቁራሹን አላመጠ፣ አላመጠ።
"ትራንስፖርቱ ስንት ነው?" አለኝ።
ደርሶ መልሱ ስንት ዳቦ እንደሚገዛ
አልነገርኩትም።