ተራ ቁጥር ሰባት

በቪላ ሴርና፣ በፖርቱጋል ጠረፍ፣ በምክር ቤቱ አዳራሽ፣
ሰሌዳውን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ወር በገባ ቁጥር ቀለም አዳሽ።
ቀይ፦ ያልተጀመረ። አረንጓዴ፦ ያለቀ።
ቢጫ ደግሞ… ቢጫን ማን ጠየቀ?

የገበያው ጣራ ታደሰ፤
የአደባባዩ ፏፏቴ ሪባን ተቆርጦለት ፈሰሰ፤
ሰባተኛው ብቻ፣ በጅረቱ ላይ የእግር ድልድይ፣
አራት ዓመት ቢጫ፤ አራት ዓመት «በሂደት ላይ»።

መረብ ጠጋኙ ኤቫሪስቶ ወር በገባ ማክሰኞ አይቀርም፤
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያኖራል፤ እስኪጠሩት አይናገርም።
«ጅረቱን ዞሬ ዳቦ ቤት ለመድረስ
ስምንት መቶ አርባ እርምጃ ነው፣ ደርሶ መልስ፤
ከምርጫው ወዲህ ያለውን ደምሬ ላንብበው?»
ሊቀመንበሯ ዶና ኢዳሊና መነጽሯን ወለወለች፤
«ቅድሚያ የተሰጠው ጉዳይ ነው፤ በሂደት ላይ ነው» አለች።
«በሂደት ላይስ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ከነምርኩዜ!»
አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ስቄ አፈርኩ፣ ወዲያው ያን ጊዜ።

ማታ፣ መብራት ሳጠፋ፣ «አስተያየት» ከሚለው ዓምድ ሥር
በትንሹ ጻፍኩት፦ ስምንት መቶ አርባ። ያንን ቁጥር
ማንም አልፋቀው። በሚቀጥለው ስብሰባ መሐንዲሱ
ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው፣ ለራሱ።

መጋቢት ላይ ሳንቃው ተነጠፈ፤ ካሜራ ተደገነ፤
የአረንጓዴውን ክዳን ከፍቼ ዞርኩ፤ እጄ አየር ላይ ባከነ።
ኤቫሪስቶ ራሱን ወዘወዘ፦ «መደገፊያውስ?»
ዶና ኢዳሊና ጉሮሮዋን ጠረገች።
ቢጫውን ተውኩት፤ ከጎኑ ቀን ጻፍኩ፦ እስከ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ድረስ።
እሱም ገለበጠው፣ በደብተሩ፣ በእርሳስ።