ጠማማው ሹካ

ጦሩ የተወውን የቆርቆሮ ጎጆ ሰጡን ለቢሮ፣
በረዶ ሲወርድበት የሚያጓራ እንደ ከበሮ።
አንዲት የጽሕፈት መኪና፣ ፊደል የጎደላት፣
አንዲት የዘይት ምድጃ፣ ለምነን የምናነዳት።
መጽሔቱ «ጠማማው ሹካ»፣ ዋጋው አሥር ሳንቲም ነው፣
ሁሉም ሰው የሚያነበው፣ አንድም ሰው የማይከፍለው።

ዓመቱ አርባ ሰባት፣ ኦሃዮ። ግቢው የወታደር ካፖርት ለብሶ፣
ማዕረጉ ከነበረበት ክሩ ተንጠልጥሎ፣ ተበጥሶ።
ሻምበል የነበረው ሰው በአልጀብራ ይወድቃል፣
የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ማታ ማታ ያስጠናዋል።

ኦርቪል ቴስዳል ነበር ካርቱኑን የሚስለው፣
በቀኝ እጁ ላይ ሦስት ጣት የቀረው፤
«ሁለቱን ለመንግሥት አበደርኩ» ይል ነበር፣
«ወለዱን ጠብቁ፣ ይከፈላል በጥር።»
እኔ ሌኖር ፕሩሳክ ነኝ፣ ነጠላ ሰረዝ የማርም፣
ቀልድ ጥፍር ሲያበቅል የምከረክም።

ዲን ሃቨርካምፕ ረቂቁን ያያሉ፣ በቀይ እርሳስ።
«የካፍቴሪያው ሥጋ ኒሻን ይገባዋል፣
ሁለት የዓለም ጦርነት በሕይወት አሳልፏል»
ያልነውን ሰረዙት፣ ጆሯቸው ቀልቶ በቁጣ፤
በወሩ ሥጋው ራሱ ማስተባበያ ይዞ መጣ፦
«አንዱን ብቻ ነው ያየሁት።»

የየካቲቱ እትም ሊታተም ሲል ሩብ ገጽ ጎደለ።
«ቀልድ አምጣ» አልኩት ኦርቪልን። ዝም አለ።
ምድጃዋን ነካካ፤ መስኮቱን አየ፤
በሦስት ጣቱ አራት መስመር አሰመረ፣ ሳጥን ሆነ።
ውስጡ ባዶ፣ ነጭ። ከግርጌው ደቃቅ ጽሑፍ፦
«የዌንደል ፋሪስ ቀልድ በጊዜው አልደረሰንም።»

ግቢው ሳቀ። በመኝታ ቤት፣ በምሳ ሰልፍ ሳቁ፣
«ሰነፍ እንዲህ ይጋለጥ!» እያሉ ተሳሳቁ።
ሻምበሉ ብቻ ገጹን ቀስ አድርጎ ቀደደ፣
አጥፎ ከአልጀብራው ደብተር ከተተና ሄደ።

ዲኑ በማግስቱ መጡ፣ በረዶ ከባርኔጣቸው እየረገፈ።
«ፋሪስ የሚባል ከመዝገብ የለም» አሉን በራችን ላይ ቆመው፣
«ለመሆኑ ይህ ሰነፍ የየትኛው ክፍል ነው?»
«የእግረኛ ክፍል» አለ ኦርቪል፣ ብዕሩን ሳይተው።

ቀዩ እርሳስ ቀስ ብሎ ወደ ኪስ ተመለሰ።
ባርኔጣው ወለቀ። ምድጃዋ ጠፍታ ነበር፤ ማንም አልተነፈሰ።

ሰኞ አንድ በርሜል ዘይት ተላከልን፣ ያለ ደብዳቤ።
ሐሙስ ደግሞ ሦስት ቀልድ ሰረዙብን።