የሣጥኗ በር

ከቴምር ሣጥን እንጨት ሱኩማራን ሠራት፤
በሶሃር፣ ከጓሮ፣ ከግንቡ ሰቀላት።

ድንቢጦች ቀደሙ፤
ከመጥረጊያዬ ላይ ጭራሮ መዘዙ፣
ካሰጣሁት ፍራሽ ጥጥ ነጭተው ያዙ።
አራት ዕንቁላል ነው፤ በመስታወት አየሁ፣
ለትንሿ ሙዛ «ዝም በይ» ብያለሁ።

ኋላ መጣች ማይና፣ ዓይኗን ቢጫ ተኩላ፤
ገባች፣ አራቱንም ሲሚንቶው ላይ ጥላ።
ሙዛ አለቀሰች።
እኔ ውኃ አመጣሁ፣ አስኳል ሳይደርቅብኝ፣
የጆሮና ቀንዱ ተረት ትዝ እያለኝ።

ለቀንድም ቀንድ አለው፤ ባለቀይ ምንቃር
በቀቀን መጣና ቆረጠመ በር፤
ማይናን አስወጣት። ግና በሩ ሰፍቶ
ለድመት እጅ በቃ፤ እሱም ሄደ ትቶ።

ከደረጃው በታች፣ «ክፍልሽ» በሚሏት፣
የሌላ ሴት ሚዶ ተረስቶ አለባት፤
ሦስት ጥርስ የለውም።
ስሟን ማንም አያውቅ፤ ጠይቄ ነበረ።
ትናንት አዲስ ፍራሽ ከደጄ አደረ።
አልጋዬን ገፋሁት፣ አንድ ስንዝር።

ድንቢጦቹ አሁን ከኤሲው ሞተር ጀርባ
ይዘው ይገባሉ፣ ገለባ በገለባ።
መጥረጊያዬን ዛሬ ደጅ ትቼው ልግባ።