«ዝም በሉ» የሚባል ሰው

ሮብሌ ነው ያመጣው፣ በባጃጅ፣ በጠራራ ፀሐይ፤
ጆሮው ላይ ሁለት ጥቁር ኩባያ የደፋ መለሎ።
«ሙሴ ዳምጤ፣ እንግዳህ ከደርባን ነው፤
ሙዚቃ ይሠራል፤ ብረት መስማት አማረኝ ብሎ።»

አቦ! ብረት መስማት?
እኔ ለብረት ግራ ጆሮዬን ገብሬ
በቀረችኝ ቀኝ ነው የምኖር እስከ ዛሬ።

ስሙን ጠየቅሁት። «ቱላኒ።»
ምን ማለት ነው? «ዝም በሉ።»
አገር የሚያስጨፍር ሰው በዚህ ስም ሲጠራ
ሳቄ አመለጠኝ።
የእኔንም ጠየቀኝ። ዳምጤ።
ከመዳመጥ ይሁን ከማዳመጥ፣
ጥጥ ይሁን ጆሮ፣
አባቴ ሳይነግረኝ ሞተ።

ወርክሾፑን ከፈትኩለት።
ቶርኖው አቧራ ለብሷል፣
ፉርጎው ሆድ ውስጥ ርግብ ፈልፍላለች።
መዶሻዬን አነሳሁ። «ምታ» አለኝ፤ መታሁ።
«ቀስ ብለህ።» ቀስ አልኩ።
ማይክራፎኑን እንደ ሐኪም በሐዲዱ ደረት አስጠግቶ
«አሁን ደግሞ አትምታ» አለኝ።
እንዴ!
አለመምታትንም ይቀዳል ሰውዬው።

ማታ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ አጫወተኝ፤
ሮብሌ እያስተረጎመ፣ ግማሹን እየዋጠ።
እናቱ በጉልበቷ ተንበርክካ
ወለሉን በቀይ ሰም ስትወለውል፦
ሁለቴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ፣
ከዚያ ትንፋሽ።
«ያቺ ትንፋሽ ከሌለች ሰው አይጨፍርም» አለ፣
«ይደክማል እንጂ።»
ደግሞ የአጎቱ ታክሲ፤ ድምፅ ማጉያው ከወንበር በታች ተቀብሮ፣
ሙዚቃ መጀመሪያ የገባው
በጆሮው አይደለም፣ በመቀመጫው ነው።

እኔም የማውቀውን ነገርኩት፤
ሐዲድ ከሐዲድ በሚጋጠምበት
ጎማው ታክ፣ ታክ ሲል እየቆጠርን
ፍጥነት እንደምናውቅ፣ ሰዓት ሳናይ።
በጣቴ ጠረጴዛውን መታሁለት።
ስልኩን አይቶ «መቶ አሥራ ሁለት!» ብሎ ጮኸ።
ምን መቶ አሥራ ሁለት? አልኩት፤
ይሄ አዲጋላ ልንደርስ ስንል ነው።

ከዚያ ሥራው ውስጥ ገባ።
ቬንትሌተሩን ያጠፋል፣ ድምፁ ይገባብኛል ብሎ።
በግንቦት፣ ድሬ ላይ፣ ቬንትሌተር የሚያጠፋ
ወይ አብዷል ወይ ወልዷል።
በአሥረኛው ቀን ጠርቶ አሰማኝ፦
የግመል ቃጭል፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣
የቀፊራ ሴቶች ዋጋ ሲጠሩ፣
የእኔ መዶሻ፣ የበር ማጠፊያ፣ ፍየል።
ይሄማ ገበያ ነው፣ አልኩት።
ገበያ ካማረኝ ቀፊራ በእግሬ እሄዳለሁ።

ፊቱ ጠቆረ። ሁለት ቀን አልታየም።
እኔም ምላሴን ረገምኩ፤ ሽማግሌ ምን ያገባዋል!
በሦስተኛው ቀን ቶርኖው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት፤
«ይሄ እንዴት ይሠራል?»
ብረት አይጨምርም፣ አልኩት፣
እየላገ ይጥላል፤
የተጣለው በዝቶ በዝቶ
የቀረችው ቡሎን ትሆናለች።
ሮብሌ ሳይተረጉምለት ራሱን ነቀነቀ።

ሊሄድ ሲል አሰማኝ፣ በቀኝ ጆሮዬ።
ግመሏ የለች። ፍየሉም።
ከታች የሚንከባለል ነገር፣ እንደ ባቡር እንቅልፍ፣
ከላይ የወለል ብሩሽ፣ ሁለቴ፣ አንዴ።
መዶሻዬስ? አልኩት፣ ከፍቶኝ።
«ጠብቅ» አለ በእጁ።
ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ።
በዚያ ባዶ ውስጥ፣ መዶሻ ከፍ ሲል
የክንድ ልብስ ኮሽታ፣
አንድ ሽማግሌ ሳል፣
እና ሳይመታ፣
ሳይመታ፣
ዓለም ተመልሶ ወደቀ።

አሁን ከሳቢያን እስከ ለገሃር
በሮብሌ ባጃጅ እስላለሁ፤
ልጆች እኔን ሲያዩ ጠብቀው፣ እጃቸውን ሰቅለው፣ ይስላሉ።
ባለቤቴ ግን አልገባትም፤
«ፈረንጅ ባይሆንም እንግዳ ነው፣ ሳልህን ይዞልህ ሄደ» ትላለች።
የት ይዞት! ቀድቶት ነው የሄደው፤
ዋናው ይኸው
ሌሊቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ነው።