ስም ጥሪ

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት መጣች፣ በግንቦት፣ አንዲት ወረቀት፣
ክብ ማኅተም ያረፈባት፣ ቁጥር ያላት፣ ቀን ያላት።
ርእሰ መምህሩ አቶ ሸጋው፣ መነጽሩን ጠራርጎ
አነበበልን ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦
«በሕፃን ላይ በደል ያየ፣ ባያይ እንኳ የጠረጠረ፣
በሃያ አራት ሰዓት ያሳውቅ፤ ይጠየቃል የሰወረ።»
ፈረምን ሃያ ሰባታችን፣ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፤
ዝናቡም ከአዘዞ መጣ፣ እንደ ወይፈን አጓርቶ።

እኔ ግን ያቺን ወረቀት ሳትመጣ አውቃታለሁ፤
ከመስኮቱ ጥግ፣ ሦስተኛ ዴስክ፣ በየቀኑ አያታለሁ።
በመጋቢት ሐሩር እንኳ ሹራቡን የማያወልቅ፣
ጠመኔ ከእጄ ሲወድቅ ፊቱን በክንዱ የሚደብቅ፣
አደራጀው። ዘጠኝ ዓመቱ። በሂሳብ የሚቀድመው የለ፤
የመውጫው ደወል ሲደወል ግን፣ ዴስኩን ጨብጦ ጎንበስ ያለ።

ጥቅምት ላይ «ክንድህ ምን ሆነ?» ስለው፣
«ከደረጃ ወደቅሁ» አለኝ።
ቤታቸው ሳሙና በር ነው። አውቀዋለሁ።
ደረጃ የለውም።
አውቄ፣ «አይዞህ» ብዬ፣ ደብተሩን አረምሁለት።

አጎቱ የእድር ዳኛ ነው፤ ሲናገር ሸንጎው ጸጥ የሚል፤
ግድግዳው ጭቃ፣ ጎረቤት ቅርብ፤ ማታ ማታ ሁሉ ይሰማል፤
ሰምቶም ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።
«የሰው ገመና ነው» ይላሉ፣ «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤
ጎተራውን ሳይከፍቱ፣ በክዳኑ እየማሉ።
እኔ ከፈትሁት የራሴን። ዱቄት ሆኗል።

ወረቀቷም ብትሆን ሁሉን አልተናገረች፤
ልጁ በዚያች ሌሊት የት እንደሚያድር አልጻፈች።
ሕግ ጠረጴዛ አለው፤ አልጋ አለው ወይ?
ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነጋ።

ጠዋት መዝገቡን ገለጥሁ። «አስቻለው» — «አቤት»።
«አንጓች» — «አቤት»።
«አደራ…»
ድምፄ እዚያ ላይ ቀረ። ስድሳ ሁለት ልጅ ቀና አለ።
ለካ ዓመቱን ሙሉ፣ ስሙን በጀመርሁ ቁጥር፣
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ አልነበረም።
«አቤት» አለ እሱ፣ ስሙን ሳልጨርስለት፤
ያንኑ አቤት፣ ስንት ጠዋት፣
«ተገኝቷል» ብዬ ምልክት አደረግሁበት።

ጃንጥላ አልያዝሁም። የጻፍሁትን ደረቴ ውስጥ አጥፌ
የቀሃን ድልድይ ተሻገርሁ፣ ወደ ጣቢያው።
ሃያ አራት ሰዓት ነው የሚለው፤
እኔ ሰባት ወር አሳልፌ።